መሪ ለምትጨብጡ ልጆች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬ ያለቀው በመንገድ ሥራ ነው። መጀመሪያ አገር ቤት ገደል እየቆረጡ መንገድ ከሚያወጡት ጋር፣ በኋላ ደግሞ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የዲዛይን ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ የመጨረሻዋ ልጄ 15 ዓመት ከመንፈቅ ሞላትና የልምምድ ፈቃዷን አወጣች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ መቀመጫዬ ጋቢና ሆኗል፤ መሪው እሷ ጋ ነው። ለእሷ የምለውን ብያታለሁ፣ ጠግባኛለች። ይህን የምጽፈው ገና ቁልፍ ለምትጠይቁት ነው።

የዲኤምቪን (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት) መጽሐፍ አንብባችሁ፣ ምልክቶቹን ሸምድዳችሁ የጽሑፍ ፈተናውን ታልፋላችሁ። ያ ቀላሉ ነው። የሚከብደው አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ነው። ባዶ ወለል ላይ ፍሬን የሚረግጥ አባት፣ የበሩን እጀታ ጨብጣ በየመታጠፊያው «በስመ አብ» የምትል እናት። ልጄ አንድ ምሽት መኪናውን ዳር አስይዛ አቆመችና «አባዬ፣ ስትጮህ እግሬ ይጠፋብኛል» አለችኝ። ለተቆጣ አባት ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። እየነዳችሁ አትከራከሩ፤ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ይህንኑ ንገሩት፤ ይገባዋል።

እንዲህ የሚያደርገን ምን እንደሆነ በሙያዬ በኩል ላስረዳችሁ። መንገድ የሚነደፈው ለጎበዝ ሹፌር አይደለም፤ ለሚሳሳት ሰው ነው። ከፊቱ አንድ ነገር ሲመጣበት ሰው አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 2.5 ሴኮንድ ይፈጅበታል ብለን ነው ሒሳባችንን የምንጀምረው። አብዛኛው ሰው ከዚያ ይፈጥናል፤ እኛ ግን የምናስበው ለደከመው፣ ለሸመገለው፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ለሄደበት ነው። ስለዚህ በሰዓት 60 ማይል ለሚነዳበት መንገድ ቢያንስ 570 ጫማ ከፊት ወለል ብሎ መታየት አለበት፤ ኮረብታ ከከለለው ኮረብታው ይቆረጣል። ቢጫ መብራት ከ3 እስከ 6 ሴኮንድ ይቆያል፤ ከእሱ በኋላ በብዙ መስቀለኛ መንገድ ላይ በሁሉም አቅጣጫ ለአፍታ ቀይ ይሆናል፣ ዘግይቶ የገባው ጨርሶ እስኪወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካኖች በሀይዌይ ዳር 30 ጫማ ያህል ዛፍም ግንብም የሌለበት ገላጣ ቦታ መተው ለመዱ፣ መስመር የሳተ መኪና ከምንም ሳይላተም የሚቆምበት። የምልክት ምሰሶው ሲገጩት ከሥሩ እንዲላቀቅ ተደርጎ ነው የሚተከለው። ጎማ ሲነካው የሚያጉረመርመው የዳር መስመርም እንቅልፍ ሸለብ ላደረገው ሰው የተበጀ ነው። እናቶቻችሁ እንግዳ ቢመጣስ ብለው ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ እንጀራ እንደሚጋግሩ፣ እኛም ስሕተት ቢመጣስ ብለን ትርፍ ቦታ እንተዋለን።

አባታችሁ ጋቢና ሲቀመጥ ያ ትርፍ ቦታ እሱ ነው። እናንተ ያላያችሁትን ብስክሌት ያያል፤ ቀዩን ስታልፉ «ቁሚ!» ይላል። ለዚህ ነው ወላጅ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚለማመዱ ልጆች ብዙም የማይጋጩት፤ አደጋው የሚበዛው ብቻቸውን መንዳት በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። በሚነዱት ማይል ሲሰላ፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ሰው የሚሞትበት አደጋ ላይ የሚገኙት ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ እሱ ሲወርድ ያን ትርፍ ቦታ የምትተዉት እናንተ ናችሁ። ሌላ ምክር የለኝም፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚሁ ዝርዝር ነው።

ሕጉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፈቃድን ቀስ በቀስ የመስጠቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1987 ኒውዚላንድ ጀመረችው፤ እዚህ አገር በ1996 ፍሎሪዳ ቀደመች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የልምምድ ፈቃዱን ቢያንስ 9 ወር ትይዛላችሁ፤ 16 ዓመት ከ3 ወር ሳይሞላችሁ መንጃ ፈቃድ የለም። 45 ሰዓት ትነዳላችሁ፤ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ማዶ ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ 60 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ 10ሩ ሌሊት፤ ዕድሜውም 16 ዓመት ከመንፈቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መንጃ ፈቃዱን የሚሰጣችሁ ዳኛ ነው፣ ወላጅ ይዛችሁ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ። ደብዳቤው ቤት ሲደርስ እናት ልቧ እንዳይወርድ ምርቃት መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። 45 ሰዓቱ መሞላቱን የሚያረጋግጠው ወላጅ ነው፣ በፊርማው። ሳይሞላ የሚፈርሙ አባቶች አውቃለሁ። የሚያስፈርሟቸውም ልጆቹ ናቸው፤ «የጓደኛዬ አባት ፈርሞላታል እኮ» እያሉ። ሐሰተኛ ፊርማ ወንጀል ነው፤ ግን እሱን እንኳ ተዉት። ያልነዳችሁት ሌሊትና ያልነዳችሁበት ዝናብ የትም አይሄድም። ብቻችሁን ሳላችሁ ይመጣል።

ጊዜ የለም አትበሉኝ። የብዙዎቻችሁ አባት ቀኑን ሙሉ ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዳ ውሎ፣ ወገቡን እያሻሸ ነው የሚገባው፤ እናታችሁም ከሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆና ትመለሳለች። እንዲህ የደከመን ሰው «አሁን እንውጣ» ብላችሁ አታስጨንቁት። ይልቅ ቤተሰቡ የሚሄድበትን ሁሉ እናንተ ንዱ። እንጀራ ሊገዛ ሐበሻ ሱቅ ሲሄድ ቁልፉን ጠይቁት። እሑድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ቤተ ክርስቲያን አድርሱ፤ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ሲተራመስ ግን ለአባታችሁ መልሱለት፤ እዚያ ለእኔም ይከብደኛል። ደለስ ኤርፖርት ዘመድ ሲቀበል ሄዳችሁ ኑ። ሰዓቱ ሳታውቁት ይሞላል።

ስለ ሀይዌይ መግቢያ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ የእንጀራዬ ነገር ነውና። ልጄ መጀመሪያ ወደ 395 ሀይዌይ ልትገባ ስትል ጥምዙን ጨርሳ ወጣችና እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሳች። ፈራች። እኛ 35 ማይል ላይ ነን፤ በግራ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና 60 ይሆናል፤ ግንባሩ በስፖኪዮው ውስጥ እያደገ ይታየኛል። ሁሉም ለማጅ እንዲህ ያደርጋል፤ መቀነስ ደኅንነት ይመስለዋል። ግን ያንን ረዥም መስመር ከመግቢያው ጎን የጨመርነው ሰው ዳር ቆሞ እንዲለምንበት አይደለም፤ ፍጥነቱን ከሌላው እኩል እንዲያደርስበት ነው። እኩል ከሆናችሁ በሁለት መኪና መካከል ያለው ክፍተት ከእናንተ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። ቀርፋፋ ሆናችሁ ከገባችሁ ግን ያ ክፍተት ጥሏችሁ ያልፋል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ይደርስባችኋል። «ነዳጅ ስጪ» አልኳት። «ፍሬቻ። ስፖኪዮ። አሁን አንገትሽን አዙረሽ በትከሻሽ በኩል እዪ።» አየች፣ ሰጠች፣ ገባች። ከባዱ መኪና ከኋላችን ሆነ።

ሁሉም መግቢያ ግን አንድ አይደለም። ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ የድሮ መንገድ ስለሆነ አንዳንዱ መግቢያው በጣም አጭር ነው፤ እዚያ ፍጥነት መያዣ ቦታ የለም፣ ክፍተት እስኪገኝ መጠበቅ ነው። ከኋላችሁ ያለው ክላክስ ቢያደርግ ያድርግ።

ለማጅ ሌላም የሚታወቅበት ነገር አለ፤ ዓይኑ ከኮፈኑ ጫፍ አይርቅም። ሩቅ እዩ። ሦስተኛውና አራተኛው መኪና የኋላ መብራቱ ሲቀላ ካያችሁ፣ ከፊታችሁ ያለው ገና ፍሬን ሳይዝ እግራችሁን ታነሣላችሁ። ርቀታችሁን ደግሞ በዓይን አትገምቱ። ከፊታችሁ ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩ፤ «አንድ ሺህ አራት» ሳትሉ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ቀርባችኋል። ያን ቦታ ስትተዉ ሌላ ሰው ይገባበታል፤ ይግባ። እንደገና ተዉ።

ስለ ፍጥነት አንድ ሒሳብ አለች፤ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ብታዩዋት ደስ ይለኛል። አንድ ዓይነት መኪና የሚነዱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እየሄዱ ነው፣ አንዱ በ35፣ ሌላው በ45 ማይል። ኳስ ተከትሎ ልጅ ዘሎ ወጣ። ሁለቱም እኩል፣ በአንድ ቦታ ላይ ፍሬን ያዙ። በ35 የመጣው ልጁ እግር ሥር ሲደርስ ቆመ። በ45 የመጣውስ? እዚያው ቦታ ላይ ገና ከ28 ማይል በላይ እየሄደ ነው። አሥር ማይል ብቻ የጨመረ ሰው ልጁን የሚገጨው በአሥር ማይል ፍጥነት አይደለም። የፍጥነት ጉልበት የሚያድገው በካሬ ስለሆነ ነው፤ ፊዚክስ ክፍል ተምራችሁታል፣ እዚያ ግን ልጅ አልነበረበትም።

ስልክ። በ55 ማይል እየሄዳችሁ ለ5 ሴኮንድ ወደ ስልክ ካያችሁ ከ120 ሜትር በላይ ዓይን ሳይኖራችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው፤ ከኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሹፌር በጆሮ ማዳመጫ ማውራት እንኳ ክልክል ነው። ሞተር ሳታስነሡ ዝም አሰኝታችሁ ከኋላ ወንበር ጣሉት። እናት ብትደውልም አይነሣ፤ ቤት ስትደርሱ ትቆጣለች፣ ትቆጣ።

ጓደኞቻችሁን በተመለከተ ሕጉ በመጀመሪያው ዓመት ከ21 በታች የሆነ አንድ ሰው ብቻ አሳፍሩ ይላል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 10 ሰዓትም (በአሜሪካ አቆጣጠር 4 AM) መንዳት የለም፣ እንደ ሥራ ካለው ምክንያት በስተቀር። መኪናው ውስጥ የእኩዮቻችሁ ቁጥር በጨመረ መጠን አደጋው እንደሚጨምር ተጠንቶ የታወቀ ነው። ሠርግ ላይ የአክስት ልጆች ሁሉ «እኔንም ጫነኝ» ይላሉ፤ እምቢ ለማለት የሚያፍር በሕጉ ያሳብብ። ፖሊስ ይሉኝታ አይዝም።

የቨርጂኒያን የፍጥነት ሕግ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው አያውቀውም። ከተወሰነው በ20 ማይል ከበለጣችሁ፣ ወይም የትም ቦታ ከ85 ካለፋችሁ፣ የትራፊክ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2500 ዶላር ያስቀጣል፤ ኮሌጅና ሥራ ስትፈልጉም መዝገቡ ይከተላችኋል። የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና ያላለቀላቸው ልጆች ደግሞ ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ በተለይ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ፣ አጋዘን መንገድ ላይ ይበዛል። አንዱ ካለፈ ሁለተኛው ይከተላል። ፍሬን ያዙ፤ መሪ ግን አትጠምዝዙ፣ አጋዘኑን ሲሸሽ ዛፍ ወይም ሌላ መኪና ላይ ወጥቶ የሚሞት ሰው አለ።

የቀረኝ ወላጆቻችሁ ሲያድጉ ማንም ያልነገራቸው ጉዳይ ነው። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ፍሬቻ አሳዩና በቀኝ በኩል ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን አውርዱ፣ ከመሸ የውስጡን መብራት አብሩ፤ ሁለት እጃችሁ መሪው ላይ ይሁን። ቀበቷችሁን አትፍቱ፣ ከመኪናው አትውረዱ። አገር ቤት ፖሊስ ሲያስቆም ወርዶ ማነጋገር ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን ያስደነግጠዋል፤ ለጥቁር ልጅ ደግሞ የፖሊስ ድንጋጤ ምን እንደሚያመጣ በዜና አይታችኋል። ሰነድ ሲጠይቃችሁ እጃችሁን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት «ከጋቢናው ሳጥን ላወጣ ነው» በሉት። ጥፋተኛ አይደለሁም የምትሉ ከሆነ ዳኛ አለ፤ ቀጠሮውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ተከራከሩ።

ሬጅስትሬሽኑንና የኢንሹራንሱን ካርድ በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ ከሁሉ በላይ አስቀምጡት። የአባቶቻችሁን ሳጥን አውቀዋለሁና፤ ከፓርኪንግ ደረሰኝ፣ ከቡና ቤት ናፕኪንና ካለፈው ዓመት የዕቁብ ወረቀት ሥር ተቀብሮ ነው ያለው። ቅዳሜ እንጀራ ልትገዙ ስትወጡ፣ ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት አብራችሁ አጽዱት።