ከተቃኘ የመልክዓ ምድር ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮችን ስለ መለየት

ሰላም ጠያቂያችን፤ ከ1፡50,000 የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ቡናማዎቹን የከፍታ መስመሮች (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን) በቀለም ለይተው ሲያወጡ እየተቆራረጡ እንዳስቸገሩዎት ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል።

በእኔ እምነት ችግሩ የሚጀምረው ከስካኑ ነው። ፋይሉ የምስሉን ዝርዝር ቀንሶ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ዓይነት ተጨምቆ ከሆነ፣ በቀጫጭኖቹ መስመሮች ዳር ያሉት ፒክስሎች ከጀርባቸው ቀለም ጋር ስለሚደባለቁ፣ ቡናማው በአረንጓዴው የደን ሽፋን ላይ ሲያልፍ ሌላ ቀለም ይመስላል፤ ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ወረቀቱን በ400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ) እንደገና ስካን አድርገው የምስሉን ዝርዝር ሳይቀንስ ሊይዝ በሚችለው በቲፍ የፋይል ዓይነት ያስቀምጡት። ቀለሞቹንም በአርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን) ሳይሆን የብርሃንን መጠን ከቀለሙ በሚለየው በላብ ሥርዓት ይመድቧቸው።

ይህም ሆኖ ክፍተቶች ይቀራሉ፤ የከፍታው ቁጥር በተጻፈበት፣ መንገዱና ጥቁሩ የፍርግርግ መስመር በሚያቋርጡበት ሁሉ ቡናማው ይጠፋልና። ክፍተቱን ለመድፈን ፒክስሎቹን ማወፈር ግን ፈጽሞ አይበጅም፤ እንደ ዓባይ ሸለቆ ባለ ገደላማ ስፍራ ጎን ለጎን ያሉትን መስመሮች አጣብቆ አንድ ያደርጋቸዋል። የሚሻለው ግራስ በተባለው የካርታ መረጃ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም መስመሮቹን ወደ አንድ ፒክስል አቅጥኖ፣ የተቆረጡትን ጫፎች በርቀታቸውና በአቅጣጫቸው እያዛመዱ ማገናኘት ነው። ከፍታ ሲሰጡም ወፍራሞቹን የ100 ሜትር መስመሮች መመሳከሪያ ያድርጉ፤ የመስመሮቹ ልዩነት 20 ሜትር በሆነበት ካርታ፣ ወጥ በሆነ ተዳፋት ላይ በሁለት ወፍራሞች መካከል አራት ቀጫጭኖች ካልተገኙ አንዱ ጠፍቷል ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቋል።

የካርታው መነሻ (የቦታዎቹ መጋጠሚያ የሚለካበት ማጣቀሻ) የቀድሞው አዲንዳን ከሆነ ደግሞ ጂፒኤስ እንደሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 አይውሰዱት፤ ሥራዎ ሁሉ 200 ሜትር ገደማ ከቦታው ይሸሻል።