ፎልደሩ ከሌለ ልፍጠረው?

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ፕሮግራመር «ጋሼ፣ ኮዴ ፋይል ሲጽፍ ፎልደሩ ከሌለ ዝም ብዬ ልፍጠረው?» አለችኝ። «ፍጠሪው እንጂ!» አልኳት። ማታ ግን መልሴ ከነከነኝ።

ድሮ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍሉ ዳታ ሌሊት ሌሊት ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገለበጥ ነበር። ዋናው ዳታ ያለበት ሰርቨር በሊኑክስ ነው የሚሠራው። የሚገለብጠው ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕቱ፣ «ፎልደሩ ከሌለ ፍጠር፣ ከዚያ ገልብጥ» ይላል። ሁላችንም ወደነው ነበር። ኅዳር ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ ዲስኩ ግን ማውንት ሳይደረግ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ፎልደሮች ጋር ሳይያያዝ፣ ቀረ። ስክሪፕቱ ምን ቸገረው? ፎልደሩን ሲያጣው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ፈጠረና መገልበጡን ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት ሎጉ፣ ስክሪፕቱ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ፣ «ተሳክቷል» ይላል።

ሰኔ ላይ፣ ሂሳብ ሊዘጋ ሲል፣ የሰርቨሩ ዲስክ ሞተ። ዋናውም ቅጂውም አብረው ሄዱ። ኤክስተርናሉን ብንከፍት የመጨረሻው ፋይል የኅዳር ነው። የሂሳብ ሹሟ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ደረሰኙን ከቦክስ ፋይል እያወጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው እንደገና ያስገቡ ጀመር። ሦስተኛ ሳይጠጡ ከቡና የማይነሱ ሴትዮ ናቸው፤ ያን ሰሞን ቡናውንም ተዉት። «ልጆች፣ ማሽኑ በየቀኑ ተሳክቷል ሲል አልነበር እንዴ?» አሉን። መልስ የሰጣቸው የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፣ አልክድም። ግን ኤረር ስታዩ ቶሎ ማጥፋት ትወዳላችሁ። በፓይተን ቋንቋ «ኦፕን» ለመጻፍ ሲከፍት ፋይል ይፈጥራል እንጂ ፎልደር አይፈጥርም፤ ፎልደሩ ከሌለ በኤረር ይቆማል። ደግ አደረገ።

ፕሮግራማችሁ የራሱን የሪፖርት ፎልደር ይፍጠር፣ ግዴለም። ፎልደር የሚፈጥረው «ሜክዲርስ» ከፓይተን 3.2 ጀምሮ «ኤግዚስት ኦኬ» የሚባል አማራጭ አለው፤ ፎልደሩ አስቀድሞ ቢኖርም በኤረር አይቆምም። «አለ ወይ?» ብላችሁ ቀድማችሁ አትጠይቁ፤ ሁለት ፕሮግራም እኩል ሲሮጥ አንዱ ጠይቆ እስኪፈጥር ሌላው ይቀድመዋል።

ሌላ ሰው ማዘጋጀት የነበረበት ቦታ ሲጠፋ ግን አትፍጠሩ። ዲስክ ከሆነ መጀመሪያ መያያዙን አረጋግጡ፤ ሊኑክስ ላይ «ማውንትፖይንት» የምትባል ትእዛዝ አለች፣ ፓይተን ላይ «ኢዝማውንት»። አንድ መስመር ናት። ካልተያያዘ ስክሪፕቱ ይቁም፣ የሚመለከተው ሰው ስልክ ላይም መልእክት ይግባ፤ ሎግ እንደሆነ ማንም አያነብም።