የበርሊን ግንብ የተከፈተው በስህተት ነው እንዴ? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! እኔ የታሪክ ፖድካስት ሱሰኛ ነኝ። በቀደም የሰማሁት ላይ የበርሊን ግንብ የተከፈተው አንድ ባለስልጣን ቲቪ ላይ ተሳስቶ ስለተናገረ ነው ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ወሬ ለማሳመር ነው?

መልስ፦ መሳሳቱስ ተሳስቷል ወዳጄ። ሰውየው ጉንተር ሻቦቭስኪ ይባላል፣ የምስራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ትልቅ ሰው ነበር። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 9፣ 1989 ጋዜጣዊ መግለጫ ሊሰጥ ሲሄድ የፓርቲው መሪ ኢጎን ክሬንዝ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ ጉዳዩ ሲመከርበት እዛ አልነበረም፣ ወረቀቱንም በደንብ አላየውም። ወረቀቱ የሚለው ዜጎች ወደ ውጭ ለመሄድ ሲያመለክቱ ያለ ብዙ ጣጣ ቪዛ ይሰጣቸው ነው፣ ይፋ የሚሆነውም ገና በማግስቱ ነበር። ጋዜጠኞች ከመቼ ጀምሮ ነው ሲሉት ግራ ገባው፣ ወረቀቶቹን አገላበጠ አገላበጠና እኔ እስከማውቀው አሁኑኑ ነው ብሎ አረፈው።

በቃ፣ ይሄን የሰማ ሁሉ ወደ ኬላው ነቀለ። ቦርንሆልመር መንገድ ላይ ተረኛ የነበረው መኮንን ሃራልድ ዬገር አለቆቹ ጋ ደውሎ ደውሎ ሰለቸው፣ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ የሚሰጠው ጠፋ። መጀመሪያ ላይ የተባለው አብዝተው የሚጮሁትን ብቻ አሳልፍ፣ ግን እንዳይመለሱ መታወቂያቸው ላይ ማህተም አድርግ ነበር (አስበው እስቲ፣ ሰው ለአንድ ምሽት ምዕራብ በርሊንን አይቼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ ሳያውቀው አገር አልባ ሊሆን!)። ህዝቡ እየበዛ ሲመጣ ግን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ዬገር በራሱ ውሳኔ አጥሩን ከፈተው። ለኔ የዛን ቀን ዋናው ሰው ሻቦቭስኪ ሳይሆን እሱ ነው፣ መሳሪያ የታጠቁ ሰዎች ስር አሉት፣ ተኩሱ ማለት ይችል ነበር፣ አላለም።

ግን ስህተቱ ብቻውን ምንም አያመጣም ነበር። ሃንጋሪ ሴፕቴምበር ላይ ድንበሯን ከፍታ ምስራቅ ጀርመኖች በኦስትሪያ በኩል እየፈለሱ ነው፣ የምስራቅ ጀርመኗ ከተማ ላይፕሲግ ላይ ኦክቶበር 9 ወደ 70,000 ሰው ለተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ ማንም አልተኮሰበትም፣ የሶቭየቱ መሪ ጎርባቾቭም እንደ ድሮው ታንክ እንደማይልክ ግልጽ ሆኗል። ያው ሰውዬ ይችኑ ንግግር በ1961 ግንቡ ሲታጠር ቢናገራት ኖሮ ግንቡ ሊከፈት ቀርቶ እሱ ራሱ ነበር የሚዘጋበት።

ጥያቄ፦ ሹፌሩ መንገድ ባይስት ኖሮ አንደኛው የዓለም ጦርነት አይነሳም ነበር የሚባለውስ? ደሞ ገዳዩ ሳንድዊች ሊገዛ ወጥቶ ነው አሉ 😂

መልስ፦ ሳንድዊቿን እርሻት እህቴ፣ ማስረጃ የላትም፣ ኢንተርኔት ነው ያሳደጋት። መንገድ መሳቱ ግን እውነት ነው። ጁን 28፣ 1914 ሳራዬቮ ላይ ጠዋት የተወረወረው ቦምብ የኦስትሪያ-ሃንጋሪን አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድን ሳተውና ከኋላ ያሉትን አቆሰለ፣ እሱም ቁስለኛ ልጠይቅ ብሎ ሲወጣ የጉዞው መስመር ተቀየረ፣ ለሹፌሩ ግን የነገረው የለም። ሹፌሩ በድሮው መስመር ታጠፈ፣ ተሳስተሃል ተብሎ ሲቆም ገዳዩ፣ የ19 ዓመቱ የቦስኒያ ሰርብ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ፣ እዛው ቆሟል።

አሁን ካላንደር አውጪና እይው፣ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ጁላይ 28 ነው፣ ድፍን አንድ ወር! በዛ ወር ውስጥ በርሊን (ጀርመን ማለት ነው) ለቪየና (ለኦስትሪያ-ሃንጋሪ) የፈለግሽውን አድርጊ ከጎንሽ ነኝ አለች፣ ቪየና ጁላይ 23 ለሰርቢያ 48 ሰዓት ብቻ ሰጥታ ማንም አገር ሙሉ በሙሉ ሊቀበለው የማይችል ነገር ጠየቀች፣ ጦርነቱ ሲታወጅ ደግሞ የሰርቢያ ወዳጅ ሩሲያ ጦሯን ክተት አለች። ሹፌሩ ላይ አትፍረጂ፣ እሱ የሳተው አንድ መታጠፊያ ነው፣ እነዚያ ግን ቁጭ ብለው መክረው ነው የገቡበት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሁሌ "ያለፈ ነገር ለምን እንማራለን?" ይሉኝ ነበር። አንቺ ብትሆኚ የቱን ምሳሌ ትሰጪያቸው ነበር?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎን ማስተማር ባይሆንብኝ፣ እኔ 1945ን ነው የምሰጣቸው፣ ቦምቡን ሳይሆን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጁን 26 የተፈረመውን የተባበሩት መንግስታት ቻርተር። ያኔ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያሸነፉት አምስቱ (አሜሪካ፣ ሶቭየት ህብረት፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቻይና) በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ ወንበርና ውሳኔን በአንድ ድምፅ የመሻር መብት (ቬቶ) ወሰዱ። መስራቾቹ 51 አገሮች ነበሩ፣ ዛሬ አባላቱ 193 ናቸው፣ ያኔ ቅኝ ግዛት የነበረው አብዛኛው አፍሪካ ሲወሰን የጠየቀውም የለም። ቋሚ ወንበሮቹ ግን ያው አምስት ናቸው፣ የተቀየረው ማን ይቀመጥበት ነው፣ በ1971 የቻይናን ወንበር ታይዋን ካለው የታይፔ መንግስት ቤጂንግ ወሰደችው፣ በ1991 የሶቭየትን ሩሲያ ወረሰች። ዛሬ ዜና ላይ "ውሳኔው በቬቶ ውድቅ ሆነ" ሲባል ተማሪው የሚሰማው የ1945ን ሂሳብ ነው። ለምን አይቀየርም ካሉዎት ደግሞ፣ ቻርተሩን ለማሻሻል ከአባላቱ ሁለት ሶስተኛው ማፅደቅ አለባቸው፣ ከነሱም ውስጥ አምስቱ አንድም ሳይቀሩ መኖር አለባቸው። በ1965 ተለዋጭ ወንበሮቹ ከ6 ወደ 10 ከፍ ያሉት አምስቱን ስላልነካ ይመስለኛል።