ስንመዘግባቸው ይመጣሉ፣ ሥራ ስንጀምር የሉም

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክለብ ውስጥ አባል ከሆንኩ 7 ዓመቴ ነው። ላለፉት 2 ዓመታት ደግሞ የአባላት ምልመላ ኮሚቴውን እየመራሁ ነው። ክለባችን አረጋውያንን ይጠይቃል፣ ያገለገሉ መነጽሮችን ሰብስቦ ለሚያስፈልጋቸው ያደርሳል፣ የደም ልገሳ ያስተባብራል። ሥራውን ከልቤ ነው የምወደው።

ችግሬ ሰው ነው። መዝገባችን ላይ 43 አባላት አሉ። ለስብሰባ ቢበዛ 15 ሰው ይመጣል። ለሥራ ሲሆን ደግሞ ያው የምንተዋወቀው 5 ሰዎች ብቻ ነን። በእነዚህ 2 ዓመታት 21 አዲስ አባላት አስገብቻለሁ። ዛሬ ያሉት 4 ናቸው። ሲገቡ ደስ ብሏቸው ነው። ቃል ይገባሉ፣ ባጅ ይደረግላቸዋል፣ ፎቶ እንነሳለን። አንድ ሁለት ስብሰባ ይመጣሉ። በሦስተኛው «ዛሬ አልተመቸኝም» የሚል መልእክት ይልካሉ። ከዚያ መልእክቱም ይቀራል።

በጣም ያሳዘነኝ የአንድ ወጣት ነገር ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነው። በገባ በወሩ የክለቡን የሒሳብ መዝገብ አይቶ «ይሄን በኮምፒውተር ላስተካክልላችሁ» አለን። ገና አዲስ ስለሆነ «ቆይ፣ መጀመሪያ ክለቡን ልመደው» አልነው። እስከዚያው ወንበር በመደርደርና ባነር በመስቀል ያግዘን ነበር። 5 ወር ቆይቶ ጠፋ። ስደውልለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለኝ። በኋላ ስሰማ ሌላ ማኅበር ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ በየሳምንቱ ያገለግላል። ለእነሱ ጊዜ ካገኘ ለእኛ እንዴት አጣ?

አሁን ነባር አባላት ደንቡን እናጥብቅ እያሉ ነው። በተከታታይ 3 ጊዜ የቀረ ይሰረዝ፣ አዲስ የሚገባም የ1 ዓመት ግዴታ ይፈርም የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በሚቀጥለው ወር ድምፅ እንሰጣለን። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። የስብሰባ ጥሪ የምልከው እኔ፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ፣ መዋጮ ያልከፈለውን የማሳድደው እኔ። ለሌላ ሰው ብሰጠው ይበላሻል ብዬ እፈራለሁ። ቁርጠኛ ሰው ገና ሲመጣ በምን ይታወቃል? ደንቡንስ ልደግፍ ወይስ ልቃወም?

አንባቢዎ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። «ለእነሱ ጊዜ ካገኘ ለእኛ እንዴት አጣ?» ያልሽው ላይ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ቆምኩ። መልሱን ከጥያቄው በፊት ራስሽ ጽፈሽዋል። እነሱ የሒሳብ መዝገቡን ሰጡት።

እንዲህ የምልሽ ያ ወጣት የነበረበት ቦታ ነበርኩና ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ክለብ ውስጥ ገባሁ። በጭብጨባ ነው የተቀበሉኝ። ለ6 ወር ያህል የመጨረሻው ረድፍ ላይ እየተቀመጥኩ ሪፖርት ሲነበብ አዳመጥኩ። የሚጠላ ነገር አልነበረውም፣ ሰዎቹም ጥሩ ነበሩ። አንድ ጊዜ ታምሜ 3 ስብሰባ አለፈኝ። ድኜ ስመለስ የመገኘት ፊርማ የሚያዞረው ሰውዬ ወረቀቱን ከፊቴ ይዞ ቆመና «እንግዳ ነህ?» አለኝ። ፈርሜ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። እነሱም ሲጠየቁ «ቁርጠኝነት አልነበረውም» ብለው ይሆናል።

ከ1 ዓመት በኋላ ጓደኛዬ ወደ ሌላ ክለብ ወሰደኝ። አባል ሁን ብሎ አልነበረም፤ ዕቃ ማውጣት አግዘን ብሎ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጸሐፊዋ፣ አንዲት ትልቅ ሴት፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በቀይ ክር አስራ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ቅዳሜ ጠዋት አንተ ካልከፈትክ 12 ሰው ውጭ ይቆማል» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያን ቅዳሜ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። እዚያ ክለብ 9 ዓመት ቆየሁ። በሁለቱ ክለቦች መካከል የእኔ ጠባይ አልተለወጠም። የተለወጠው ብቀር የሚጎዳ ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፦ ቁርጠኛ ሰው ገና በሩ ላይ አይታወቅም። ገና አልሆነማ! ወደ ክለብ የሚመጣው ደግ ልብ ያለው፣ ጥቂት ጊዜ የተረፈው፣ ከሰው ጋር መሆን የፈለገ ሰው ነው። ቁርጠኝነቱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። እንዲመጣ ደግሞ አንድ የራሱ የሆነ ሥራ እጁ ላይ መኖር አለበት።

ከአገልግሎት ክለቦች ታሪክ አንድ የምወደው ነገር አለ። ሮታሪ የተጀመረው በ1905 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቺካጎ ውስጥ ነው። ጠበቃው ፖል ሃሪስ ከ3 ሰዎች ጋር በአንደኛው ቢሮ ተሰበሰበ። ስሙም የመጣው ስብሰባውን በየተራ በአባላቱ ቢሮ እያዞሩ ስላደረጉት ነው። እስቲ አስቢው። ተራው የደረሰው ሰው ሊቀር አይችልም። ወንበር ማዘጋጀት፣ በር ላይ ቆሞ መቀበል የሱ ፋንታ ነው። በዚያ ክበብ ውስጥ የኋላ ረድፍ አልነበረም። እናንተ ጋ ግን ያ ወጣት የሌላ ሰው ወንበር እየደረደረ 5 ወር ቆየ። ወንበር መደርደር ክብር ያለው ሥራ ነው፣ አልናቅኩትም። ግን እሱ ባይኖር ሌላው ይደረድረዋል። ሒሳቡን ግን ከእሱ በቀር ማንም ሊያስተካክልላችሁ አልቻለም።

«መጀመሪያ ክለቡን ልመደው» ማለታችሁ ገብቶኛል። ገንዘብ ነው፣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግን መሀል መንገድ ነበረው። ፊርማና ገንዘብ ከነባሩ ገንዘብ ያዥ ጋር ይቆያል፤ እሱ የባለፈውን ዓመት ገቢና ወጪ በኮምፒውተር ይሞላል፤ በ2 ወር ውስጥ ለአባላት ያቀርባል። ቢሳሳት የሚጠፋ ገንዘብ የለም። ቢሳካለት ክለቡ ተጠቀመ፣ እሱም ፊት ለፊት ቆሞ ታየ።

አሁን ወደ ምልመላው እንምጣ። ላየንስ የሚባለው ሌላው የአገልግሎት ክለብ የተመሠረተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ነው። በ1925 ሄለን ኬለር፣ ማየትም መስማትም የማትችለው ሴት፣ በኦሃዮ ሴዳር ፖይንት በተደረገው ጉባኤያቸው ላይ ቀረበች። የጠየቀቻቸው ቁርጥ ያለ ነገር ነው፦ ከዓይነ ስውራን ጎን ቁሙ። ይሄው እስከ ዛሬ ላየንስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የዓይን ሥራ ነው። እናንተም መነጽር ትሰበስባላችሁ አይደል? እንግዲያው «ክለባችንን ተቀላቀል» ማለቱን ለጊዜው ተዪው። «በሚቀጥሉት 2 ቅዳሜዎች 300 መነጽር በሌንሱ ቁጥር የሚለይ ሰው እንፈልጋለን፣ በቀን 3 ሰዓት ይፈጃል፣ ትመጣለህ?» በዪ። ይሄን ሲሰማ ሰው ጊዜውን አይቶ አዎ ወይም አይ ማለት ይችላል። «ተቀላቀል» ስንለው ግን ይሉኝታ ይዞት አዎ ይላል፤ በኋላ በመቅረት ነው አይ የሚለን። ከ21ዱ ስንቶቹ በይሉኝታ እንደገቡ ቁጭ ብለሽ ብታስቢ ጥሩ ነው።

የመጣውን ሰው ሥራው ላይ እዪው። ሲያልቅ ጠረጴዛውን የሚጠርገው ማነው? «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብሎ የሚጠይቀውስ? በቁጥር ያልተለዩትን መነጽሮች ለብቻ ሳጥን አድርጎ ወረቀት የሚለጥፍበት? ሁለት ሦስቴ ከመጣ በኋላ ስለ አባልነት አንሺለት። ያኔ ደግሞ ምንም ሳትደብቂ። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ በወር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የሚሰለቸው ክፍል የቱ እንደሆነ ሁሉ ይወቅ። ሰው እንዳይሸሽብን ብለን መዋጮውን ከገባ በኋላ የምንነግር ብዙ ነን። ያ ሰው እንደተታለለ ይሰማዋል፣ እውነትም አለው።

ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ወሳኝ ናቸው። ባጅና ፎቶው አንድ ቀን ነው። ከዚያ ማግስት አንድ ነባር አባል አጠገቡ መቀመጥ አለበት፤ ማን ማን እንደሆነ የሚነግረው፣ አብሮት ሥራ ላይ የሚወጣ። ያስገባው ሰው ራሱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ አስገቢው ሰው ፎቶው ላይ ይቆምና ይጠፋል፣ ስለዚህ በስም መድቡ። የዚህ ሰው ዋናው ኃላፊነት አንድ ነው፦ አዲሱ አባል በቀረ ማግስት መደወል። አነጋገሩም ልዩነት አለው። «ለምን ቀረህ?» ሲሉት ሰው ሰበብ ይፈልጋል። «ትናንት ፈልጌህ አጣሁህ፣ ደህና ነህ?» ሲሉት ግን የሆነውን ይናገራል። እኔ ታምሜ ሳለሁ አንድ እንዲህ ያለ ስልክ ቢደወልልኝ ኖሮ ምናልባት ያ የመጀመሪያው ክለብ ውስጥ ዛሬም እኖር ነበር።

ደንቡን በተመለከተ እኔ ብሆን እቃወማለሁ። ነባሮቹ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ድካማቸው ነው የሚያናግራቸው። ሮታሪ ለረጅም ዘመን በየሳምንቱ መሰብሰብንና ጥብቅ የመገኘት ሕግን ይዞ ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ግን ክለቦች የስብሰባ ጊዜያቸውንና የመገኘት ደንባቸውን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ ፈቀደ፤ ቢያንስ በወር 2 ጊዜ ይገናኙ ብቻ ተባለ። በዚህ የሚታወቁት እንኳ ደንባቸውን ካለዘቡ፣ እናንተ አሁን ብታጠብቁ የምትሰርዙት ቀድሞ የሄደውን ሰው ነው። የ1 ዓመቱ ፊርማም ያው ነው። በጎ ፈቃደኛን በፊርማ አስገድዶ የሚያመጣ የለም። በምትኩ ማብቂያ ያለው ሥራ ስጡ። «ለ3 ወር የደም ልገሳውን ጥሪ አንቺ ያዢ» ሲባል ሰው ይቀበላል። ሲጨርስም በክብር ጨርሶ ነው የሚያርፈው፤ አብዛኛው ደግሞ ሌላ ይጠይቃል።

መዝገቡ ግን መጽዳት አለበት፣ እዚያ ላይ ከነባሮቹ ጋር እስማማለሁ። ዓመት ሙሉ ላልታዩት በየስማቸው ደውሉ። መመለስ የሚፈልግ ይመለስ፣ የማይፈልግ ተመስግኖ ይሰናበት። 43 ከሚል የውሸት ቁጥር 18 የሚል እውነተኛ ቁጥር ይሻላችኋል።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ጥሪውም፣ ቃለ ጉባኤውም፣ መዋጮውም አንቺ ጋ ነው። ይህን ያህል ዓመት ክለቡን ደግፈሽ የያዝሽው አንቺ መሆንሽን አልጠራጠርም። ግን አዲስ ሰው ሲገባ ቁም ነገር ያላቸው ሥራዎች ሁሉ አንቺ እጅ ላይ ያገኛቸዋል። ለእሱ የቀረው ባነር ነው። ብሰጠው ይበላሻል ትያለሽ። አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ይበላሻል። የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ የሰው ስም ይዘላል፣ ዘግይቶ ይደርሳል። አንቺ ሌሊት ተነስተሽ አታርሚው። ለጸሐፊው በእርጋታ አሳዪው፣ እሱ ራሱ ያርመው። በሦስተኛው ይስተካከላል። በብዙ የአገልግሎት ክለቦች ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ተተኪው ቀድሞ ይመረጥና በሥራ ላይ ካለው ጎን ሆኖ እየተማረ ይቆያል። እናንተም በየኃላፊነቱ ጎን አንድ ተማሪ አስቀምጡ። አንቺ ከሦስቱ ሥራ ሁለቱን በዚህ ወር አስረክቢ። በቃለ ጉባኤው ጀምሪ።

ስለ ስብሰባችሁ ብዙ አልልም። በሰዓቱ ጀምሩ፣ ሪፖርቱን ቀድማችሁ ላኩት፣ ተሰብስባችሁ አታንብቡት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለዚያ ወጣት ደውዪለት። ያለበትን ማኅበር ተው አትበዪው፣ እዚያ ያገለግል። ለክለቡ ተመለስም አትበዪው። «ያኔ ሒሳቡን ላስተካክል ስትለን እሺ ማለት ነበረብን፣ አጥፍተናል» በዪው። ከዚያ ምን ልታስተካክል ነበር ያሰብከው ብለሽ ጠይቂውና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ አዳምጪው። የነገረሽን ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።