እህሉ ለማን ደረሰ? ለፖለቲካል ኢኮኖሚ ተማሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ተማሪዎች፣

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ልታማክሩኝ ስትመጡ ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ የትኛው ሞዴል እንደሚሻል ነው። ሞዴል ማወቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ ሊቀድም ይገባል። በአገር ውስጥ ያለው ሀብት በማን እጅ ነው? ለማንስ ይደርሳል? ያልደረሰው ሰው በምን ምክንያት ቀረበት? ይህን ጥያቄ በቁጥር መመርመር እንደሚቻል ካሳዩን ምሁራን መካከል እኔ ሁልጊዜ የምጠቅሳቸው ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር አማርትያ ሴን ናቸው። የእኛን ወሎም ስላጠኑ፣ ሥራቸው ለእናንተ የሩቅ አገር ነገር አይደለም።

ሴን እ.ኤ.አ. በ1933 በቤንጋል፣ ሳንቲኒኬታን ተወለዱ። የ1943ቱ የቤንጋል ረሀብ ሲደርስ ገና ሕፃን ነበሩ። በዚያው ዘመን በዳካ የሃይማኖት ግጭት ተነሥቶ ሳለ፣ አንድ ሙስሊም የቀን ሠራተኛ በጩቤ ተወግቶ ደሙ እየፈሰሰ ወደ ግቢያቸው ገባ። ሚስቱ ወደዚያ ሰፈር እንዳይሄድ ለምናው እንደ ነበር፣ ነገር ግን በቤቱ የሚበላ ስላልነበረ ሥራ ፍለጋ መውጣቱን ተናገረ፤ ሐኪም ቤት ቢወሰድም አልተረፈም። ሰውየውን ለሞት ያበቃው ጩቤው ብቻ እንዳልነበረ፣ ድህነቱ ነፃነቱን አስቀድሞ እንደ ነጠቀው ሴን ካደጉ በኋላ ደጋግመው ጽፈዋል።

ትምህርታቸውን በካልካታው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ጀምረው በካምብሪጅ ቀጠሉ፤ ዶክትሬታቸውንም በ1959 ተቀበሉ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስተውሉት የምፈልገው ነገር አለ። በካምብሪጅ የተሰጣቸውን የምርምር ዕድል የተጠቀሙበት ፍልስፍና ለማጥናት ነበር፤ ያ ንባብ ከሒሳብ ችሎታቸው ጋር ተዳምሮ በ1970 ስለ ማኅበራዊ ምርጫ፣ ማለትም የብዙ ሰዎች ፍላጎት ወደ አንድ የጋራ ውሳኔ ስለሚመጣበት መንገድ፣ ያሳተሙትን መጽሐፍ ወለደ። ፍልስፍና ወይም ታሪክ የምታነቡበትን ሰዓት ከሙያችሁ እንደ ተሰረቀ አትቁጠሩት። በዴልሂ፣ በለንደን፣ በኦክስፎርድና በሃርቫርድ አስተምረው በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ግን በ1981 የታተመው የረሀብ ጥናታቸው ነው። ረሀብ የሚመጣው እህል ሲጠፋ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ በመዝገብ ፈተኑት። በ1943 በቤንጋል የነበረው የሩዝ አቅርቦት ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ያነሰ ነበር፤ ረሀብ ካልነበረበት ከ1941 ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በ13 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሆኖም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጪ ዋጋውን አናረው፤ ደመወዙ ከዋጋው ጋር ያልጨመረለት የገጠር የቀን ሠራተኛና ዓሣ አጥማጅ ከገበያ ወጣ፤ በእሳቸው ግምት ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አለቀ።

ስለ ወሎ የጻፉትን ምዕራፍ ደግሞ እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። ረሀቡ ወሎን በመታበት በእኛ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ የደሴ ገበያ ዋጋም ከእልቂቱ ጋር በሚመጣጠን መጠን አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ማሳው የከዳው ገበሬ የሚበላውን ሲያጣ ሸጦ የሚገዛበትንም አብሮ አጣ፤ ስለዚህ ነጋዴው እህሉን ወደ እሱ የሚያመጣበት ምክንያት አልነበረም። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ በአዋሽ ዳር የነበረውን የበጋ ግጦሽ የመስኖ እርሻዎች ወስደውበታል፤ ከድርቁ የተረፈችውን ላም ገበያ ቢያወጣም የምታስገኝለት እህል ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ሆኖ ጠበቀው።

ፖለቲካው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ነገሩን ሸሸገ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢ ውስጥ እስኪያሳዩ ድረስ የመዲናይቱ ሰው የጉዳቱን ልክ በወጉ አላየውም። በዚያው ዓመት በሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት ከባድ ድርቅ ቢደርስም ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በሕዝባዊ ሥራዎች ተሰማርቶ ደመወዝ ስለ ተከፈለው፣ እልቂቱ ሳይደርስ ቀረ። ነፃ ጋዜጣና ተፎካካሪ ፓርቲ ባለበት አገር ከባድ ረሀብ አይደርስም የሚለው የሴን መከራከሪያ ከእንዲህ ያለ ንጽጽር የተነሣ ነው። እኔ ከማስተምራቸው ሐሳቦች ሁሉ ለአገራችን ከዚህ የሚቀርብ አላውቅም።

የተቿቸውንም ፈልጋችሁ አንብቡ። በወሎ የምርት ውድቀቱ ራሱ ከተሰጠው በላይ ክብደት ይገባው ነበር የሚሉ፣ የዋጋ መረጃውንም የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩ ጠቃሚ ነው። በእኔ እምነት ትችቱ ዋናውን ጥያቄ አያፈርሰውም፤ ነገር ግን ፍርዱን ከእኔ ሳትወስዱ ራሳችሁ ድረሱበት።

ርእስ ያጣ ካለ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከዱትን ቦረናን ያስብ። ዱብሉቅ የከብት ገበያ ሄዳችሁ አንድ ወይፈን ስንት ኪሎ በቆሎ እንደሚገዛ በየሳምንቱ መዝግቡ፤ በድርቁ ወራት ስንት ይገዛ እንደ ነበርም ሽማግሌዎቹንና ነጋዴዎቹን ለየብቻ ጠይቁ። መኪና ያለው ማን ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው ወይስ ከሞያሌ የሚመጣው ገዢ? መጀመሪያ ከብቷን የጨረሰችው ባሏ የሞተባት ሴት ናት ወይስ ብዙ ልጆች ያሉት አባወራ? የእርዳታ ስንዴው ሲመጣ ስም ዝርዝሩን ማን ጻፈው፣ ማንስ ቀረ? ይህን ሁሉ በደብተራችሁ ካሰፈራችሁ በኋላ የወረዳውን የምርት አኃዝ ከጎኑ አስቀምጡና ሁለቱ የሚለያዩበትን ቦታ ፈልጉ።