ማናስሉን ለመውጣት ለምትዘጋጁ፤ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ወደ ማናስሉ ለመሄድ የምታስቡ ሰዎች በየፊናችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንድ ላይ ልመልስ። ማናስሉ ኔፓል ውስጥ ነው፤ 8,163 ሜትር፣ ከዓለም ስምንተኛው ተራራ። እኔ ነርስ ነኝ። ሂማላያ የምሄደው ቤዝ ካምፕ (ተራራው ሥር ያለው ዋና ሰፈር) ላይ የታመሙትን ለመርዳት ነው። ስለ ከፍታና ስለ ሰውነት የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ስለ ካሜራና ስለ ስፖንሰር ግን ሌላ ሰው ይመልስላችሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ደገኛ ስለሆንኩ ከፍታው አይከብደኝም አይደል?

መልስ፦ ትንሽ ይረዳሃል። የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ 1,400 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ትበልጣታለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባሕር ጠረፍ ከመጣ ሰው ይልቅ ይቀሉሃል።

እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ በ3,500 ሜትር ገደማ በሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ሄሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል)፣ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ በአነስተኛ ኦክስጅን ይኖራሉ። የኛዎቹ ከሁለቱም ይለያሉ።

ግን ይህ ስለ 3,500 ሜትር ነው። የማናስሉ ቤዝ ካምፕ ብቻውን 4,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ ይበልጣል። ከጫፉ በፊት ያለው የመጨረሻው ሰፈር፣ ካምፕ አራት፣ 7,400 አካባቢ ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው በዓለም ላይ የለም። 5,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ግማሽ ነው። ጫፉ ላይ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም።

ሰውነት ይህን የሚላመደው በራሱ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ ይፈጥናል። ከዚያ ኩላሊት የደሙን ኬሚስትሪ ያስተካክላል። ቀይ የደም ሴል እስኪጨምር ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። ጉልበትም ሆነ ገንዘብ አያፋጥነውም። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታችሁ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እረፉ። ቀን ከፍ ብላችሁ ተራመዱ፣ ማታ ዝቅ ብላችሁ ተኙ። እና ራሳችሁን እያመማችሁ ወደ ላይ መውጣት የለም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ከአዳማ፦ ቪዛ እንዴት ነው?

መልስ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ካትማንዱ ኤርፖርት ደርሶ ቪዛ መውሰድ አይቻልም። ቀድመህ ከኔፓል ኤምባሲ አውጣ።

ከዱባይ፦ ማራቶን ሮጫለሁ፤ በሳምንት ስድስት ቀን ጂም እገባለሁ። በረዶ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም። ቀጥታ ማናስሉ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። ጥንካሬሽን አደንቃለሁ፤ ግን ጠንካራ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጠንካራ ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ቶሎ ይታመማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ገመዱ ነው። ማናስሉ ላይ ሼርፓዎች (ኔፓላውያን የተራራ መሪዎችና ረዳቶች) በዘረጉት ገመድ ላይ ጁመር (ገመዱን ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ) እያንሸራተትሽ ትወጫለሽ። መልህቅ (ገመዱ ተራራው ላይ የታሰረበት ቦታ) ላይ ስትደርሺ በወፍራም ጓንት፣ በብርድ፣ በጨለማ ካራቢነር (የሚከፈት የብረት ቀለበት) ፈትተሽ ወደ ሚቀጥለው ገመድ ታስገቢያለሽ። አንዱን ሳታስገቢ ሌላውን አትፈቺም። ይህ እጅሽ ውስጥ የገባ ልማድ መሆን አለበት፤ 7,000 ሜትር ላይ የሚያስብ አእምሮ አይኖርሽም። ኪሊማንጃሮ ጥሩ ጅምር ነው፤ ገመድ ግን አያስተምርሽም። መጀመሪያ ሜራ ፒክ ወይም አይላንድ ፒክ ሂጂ። ሁለቱም ከ6,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ ክራምፖንም (ጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት) ትለምጃለሽ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ያነጋገርኩት ድርጅት ግን ልምድ አያስፈልግም ብሎኛል።

ከለንደን፦ ማናስሉ እኮ ከ8,000 ሜትር በላይ ካሉት ተራሮች ቀላሉ ነው ይባላል።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2012 ጎህ ሳይቀድ የበረዶ ናዳ ካምፕ ሦስት ላይ ወረደ። ሰዎቹ ድንኳናቸው ውስጥ ተኝተው ነበር። 11 ሰው ሞተ። ቀላል የሚለውን ቃል ከዚህ ተራራ ጋር አታገናኙብኝ። ልምድ አያስፈልግም የሚልን ድርጅት ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከእኔ ጋር የሚወጣው ሼርፓ ምን ልምድ አለው? ስንት ሰዓት ላይ ነው ጫፍ ባንደርስም የምንመለሰው? አየሩ ከተበላሸ የምንጠብቅበት ትርፍ ቀን አለ? ካድበሰበሰ ተዉት።

ከጎንደር፦ እኔ ግን በጠርሙስ ኦክስጅን መውጣት መውጣት አይመስለኝም። ተራራውን ዝቅ አድርጎ መውጣት ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አንተ ሞክረኸዋል? ልጆች ያሉት ሰው ነፍሱን ለምን ያስይዝ?

ከጎንደር፦ ልጆች ያሉት ሰው ታዲያ 8,000 ሜትር ምን ይሠራል?

ከባሕር ዳር፦ በዚህ ብር እኮ ቤት ይሠራበት ነበር። ማን ነው ለእናንተ ተራራ ውጡ ያላችሁ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ብሩ የኔ ነው ወንድሜ።

መልስ፦ በቃ፣ ይብቃ። ያለ ኦክስጅን የሚወጡ አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ 8,000 ሜትር የሚሄድ ሰው ግን ይዞ ይሂድ። ስሌቱን ራሳችሁ እወቁት። የተለመደው ባለ 4 ሊትር ጠርሙስ በ300 ባር ሲሞላ 1,200 ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ 2 ሊትር ከተጠቀማችሁ 10 ሰዓት ነው። 4 ሊትር ከከፈታችሁ 5 ሰዓት። ገመድ ላይ ወረፋ ይዛችሁ ስትቆሙም ያልቃል። ስንት ጠርሙስ እንደተመደበላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ከስቶክሆልም፦ እውነተኛው ጫፍ ሌላ ነው ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ ትክክል ነው። ለብዙ ዓመታት ሰዎች ከጫፉ በፊት ካለው ጉብታ ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ሚንግማ ጂ የሚባለው ሼርፓ ቡድኑን ይዞ እውነተኛው ጫፍ ላይ ወጣ፤ የድሮን ፎቶው ልዩነቱን አሳየ። አሁን እስከዚያ ካልደረስክ አይመዘገብልህም።

ከሐዋሳ፦ ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት ልውሰድ? ራስ ምታቱን ብቻ ደብቆ ያስወጣል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አይደብቅም። መላመዱን ያግዛል። ለመከላከያ 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ወደ ላይ ከመጀመርህ ከአንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል። የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብህ ሳትወስድ በፊት ለሐኪምህ ንገረው። ምልክት የሚደብቀው ዴክሳሜታዞን ነው። እሱ የታመመን ሰው ለማውረድ እንጂ ጤነኛን ለማስወጣት አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። የከፍታ ሕመም በራስ ምታት ይጀምራል። ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር ይከተላል። እዚያው አርፈህ ካልተሻለህ ትወርዳለህ። ሳይወርድ የቀረ ሰው ሁለት መጥፎ ነገር ሊገጥመው ይችላል። አንዱ አንጎል ማበጥ ነው፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ግራ ይጋባል። የተጠራጠርኩትን ሰው ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ቀጥ ባለ መስመር እንዲሄድ አደርገዋለሁ። ካልቻለ ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። ሌላው ሳንባ ውስጥ ውኃ መሙላት ነው፤ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ ሲብስ ሮዝ አረፋ ይተፋል። ኦክስጅንና ታማሚው ውስጡ ተኝቶ በፓምፕ የሚነፋው ከረጢት ጊዜ ይገዛሉ። የሚያድነው መውረድ ነው።

ችግሩ ሰዎች ይዋሻሉ። ብዙ ገንዘብ ከፍለዋል፣ ለቤተሰብ ነግረዋል፣ ስለዚህ "ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ነው ያጣሁት" ይላሉ። እባካችሁ አትዋሹን። መሪያችሁ ካምፕ አንድ ላይ የነገራችሁትን ራስ ምታት በአንድ ቀን እረፍት ያስተካክለዋል። ካምፕ ሦስት ላይ የደበቃችሁትን ግን አራትና አምስት ሼርፓ ነፍሱን አስይዞ ነው የሚያወርደው። እነሱም ልጆች አሏቸው።

ከሮም፦ ምን ምን ልያዝ?

መልስ፦ ይህ አያስጨንቅህ። ድርጅትህ ዝርዝር ይልክልሃል። በጫማ ብቻ እንዳትቆጥብ፤ ለ8,000 ሜትር የተሠራ፣ በወፍራም ካልሲ የለካኸው ይሁን። ኢንሹራንስህንም አንብብ፤ ብዙዎቹ ከ6,000 ሜትር በላይ አይሸፍኑም። ሄሊኮፕተር የሚለው ቃል በጽሑፍ ይኑር።

ከመቀሌ፦ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ እሱን ከነፍስ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ስለ ምግቡ ግን ልንገርሽ፦ ላይ ስትደርሺ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ የለመድሽው ነገር ብቻ ነው የሚዋጥልሽ። በሶ ያዢ። ሼርፓዎችም ጻምፓ የሚሉት ያው የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፣ ስለዚህ ወጥ ቤቱ ያውቀዋል። ቆሎም አይከብድም። ፈሳሽ በደንብ ጠጪ።

ከሐዋሳ፦ ፑጃ የሚባለው ሥነ ሥርዓት ላይ መገኘት ግዴታ ነው? እምነቴ ሌላ ነው።

መልስ፦ ማንም አያስገድድህም። ግን በአክብሮት ተገኝ። ሼርፓዎቹ ላማው (የቡድሃ እምነት መነኩሴው) ሳይጸልይ ወደ ተራራው አይወጡም። እ.ኤ.አ. በ1954 የጃፓን ቡድን ሲመጣ ተራራው ሥር ያለችው የሳማጋውን መንደር ነዋሪዎች መንገድ ዘግተው መልሰውታል። ከዚያ በፊት የሄደው ቡድን አማልክቱን አስቆጥቶ ናዳ ገዳማቸውን አጠፋ ብለው ያምኑ ነበር። ጃፓኖቹ ጫፉን የረገጡት በ1956 ነው፤ ቶሺዮ ኢማኒሺና ጊያልዜን ኖርቡ ሼርፓ አብረው። የሰው አገር ነው፣ የሰው ተራራ ነው።

ከዱባይ፦ ዜኖን የሚባለውን ጋዝ መሳብ በሳምንት ያስወጣል ተብሏል እኮ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ኤቨረስትን በዚያ መንገድ የወጡት ሰዎች አስቀድመው ቤታቸው ለሳምንታት ኦክስጅን በቀነሰ ድንኳን ውስጥ ተኝተዋል። የዓለም አቀፉ የተራራ መውጣት ፌዴሬሽን የሕክምና ኮሚሽን ዜኖን አቅም እንደሚጨምር ማስረጃ የለም ብሏል። ተይው።

ከደሴ፦ እኔም ደገኛ ነኝ፤ መላመዱን ላሳጥረው? ሳማጋውን ድረስ በሄሊኮፕተር ብሄድስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብበው፤ ለዚህ ብዬ ነው አስረዝሜ የጻፍኩት። ሳማጋውን 3,500 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቀን ከ1,400 ተነስተህ እዚያ ከተኛህ የምትቆጥበውን ሳምንት በራስ ምታት ትከፍለዋለህ። በእግርህ ሂድ። በላርክያ ማለፊያ የሚወስደው መንገድ ከ5,100 ሜትር በላይ አውጥቶ መልሶ ያወርድሃል፤ ሰውነትህ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ከሲያትል፦ 54 ዓመቴ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ዕድሜዬ ይከለክለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዕድሜዎ አይከለክልዎትም። ግን ከመመዝገብዎ በፊት የልብ ሐኪም ይይዎት፤ እየተራመዱ የሚደረገውን ምርመራ ያድርጉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ለጉዞው ሐኪም በጽሑፍ ይስጡ። ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት) ከሆነ ልብዎ እንደሚያስፈልገው ላይፈጥን ይችላል፤ መቀየሩን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት፣ በራስዎ እንዳያቋርጡት። ውጤቱን ሲይዙ ይጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።