«ይሰማኛል» ወይስ «ይመስለኛል»?

ጥያቄ፦ በስብሰባና በሬዲዮ ውይይት «በጀቱ በቂ እንዳልሆነ ይሰማኛል» ሲባል እሰማለሁ። «ይሰማኛል» የሚባለው ለደስታና ለፍርሃት አይደለምን? ለሐሳብስ ይሆናል?

መልስ፦ አነጋገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ጠያቂያችን የጠረጠሩበት ግን በቂ ምክንያት አለ።

አማርኛ ስሜትን ከሐሳብ በግሥ ቅርጽ አይለይም። ቅርጹ የሚለየው በሰው ላይ የሚመጣውን ሰው ራሱ ከሚያደርገው ነው። «ደስ አለኝ፣ ከፋኝ፣ ገረመኝ» ስንል ስሜቱ የደረሰበት ሰው የግሡ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ «ፈራሁ፣ አዘንሁ፣ ተቆጣሁ» ስንል ግን ባለቤቱ እርሱ ነው። ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ወገን «መሰለኝ፣ ገባኝ፣ ትዝ አለኝ»፣ በሌላው «አሰብሁ፣ ገመትሁ፣ አሰላሰልሁ» እንላለን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 መልአኩ ማርያምን በቁጥር 28 «ደስ ይበልሽ»፣ በቁጥር 30 ደግሞ «አትፍሪ» ሲላት ሁለቱም አሠራሮች በአንድ ንግግር ውስጥ ይገኛሉ፤ እንዳትፈራ የተነገረው ለራሷ ሲሆን፣ ደስታው ግን ወደ እርሷ እንዲመጣ የተመኘላት ነው።

እንግዲህ «ይሰማኛል» እና «ይመስለኛል» በቅርጽ አንድ ከሆኑ ልዩነታቸው የት ላይ ነው? ወደ ኃላፊ ጊዜ ስንወስዳቸው በግልጽ ይወጣል። «የመጣህ መስሎኝ ነበር» የሚል ሰው፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ ግምቱ ስሕተት እንደ ነበር ያስረዳል። «ፍርሃት ተሰምቶኝ ነበር» የሚል ሰው ግን ፍርሃቱ መኖሩን ብቻ ይነግረናል፤ ያስፈራው ነገር እውነት ሆነ አልሆነ፣ ፍርሃቱ አልነበረም ሊባል አይችልም። ስለዚህ «በቂ እንዳልሆነ ይመስለኛል» ያለ ተናጋሪ ሒሳቡ ቀርቦለት ሊታረም ዝግጁ ነው፤ «ይሰማኛል» ያለው ግን ክርክሩን ማንም ወደማይገባበት ወደ ገዛ ውስጡ ይወስደዋል። አነጋገሩን በስብሰባ ቋንቋ ውስጥ የማልደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ በጀት ሊቆጠር የሚችል ነገር ነውና «ይመስለኛል» ወይም፣ ማስረጃ ካለ፣ «አምናለሁ» ይባልለት።

ይህ ማለት ግን «ይሰማኛል» ከሐሳብ አጠገብ ፈጽሞ አይደርስም ማለት አይደለም። ምክንያቱ ገና ሳይታወቅ አስቀድሞ የሚመጣ ማስተዋል አለ፤ «ልቤ ነገረኝ»፣ «ሆዴ ጠረጠረ» የምንለው ይህንኑ ነው። እናት ልጇ የደበቀው ነገር እንዳለ ሲሰማት፣ ስሜቷ ከማሰብ የተለየ ሳይሆን የማሰቧ መጀመሪያ ነው፤ እዚህ ላይ «ይሰማኛል» ትክክለኛ ቦታው ነው።

በተቃራኒው፣ ሰሞኑን በጽሑፍ የሚበዛው «ቁጣ ተሰማኝ» ሳያስፈልግ ረዝሟል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ፖል ኤክማን መሠረታዊ ብለው የዘረዘሯቸው ስድስት ስሜቶች፣ ማለትም ደስታ፣ ኀዘን፣ ፍርሃት፣ ቁጣ፣ መጸየፍና መደነቅ፣ በአማርኛ ሁሉም የየራሳቸው ግሥ አላቸው። «ተቆጣሁ» እያለ «ቁጣ ተሰማኝ» ማለት የሚገባው፣ ቁጣው ውስጥ ቀርቶ ወደ ቃልም ወደ ድርጊትም ሳይወጣ ሲቀር ነው።